የግራው በር

ሻንሲው የአባቴ፣ ዝገቱም የአባቴ፤
ሞተሩን ከሮቢት በዱቤ አመጣሁት፣ ሽንኩርቴን አስይዤ፤
ባሌስትራው የአይሱዙ፣ ለፒካፕ ይረዝማል፣
ጭነት ካልከበደው እንደ ፍየል ይዘላል።
ታንከሩን በሳሙና፣ ስፖንዳውን በበርሜል...
የግራው በር ቀረ።

እንግዳወርቅ በያጁ፣ ጣርማበር ገደል ስር
ገመድ ታጥቆ ወርዶ፣ ጉም ውስጥ ሲደናበር፣
ይዞልኝ ወጣ አንድ አረንጓዴ በር፤
«ሌላው ድቅቅ ብሏል፣ ይሄ ብቻ ቀና።»

ማሽላ ሳራግፍ፣ ቅዳሜ፣ ደብረ ሲና፣
አንዲት ሴት ተጠግታ
እጀታው ስር ያለች ጭረት ዳሰሰችና
«እስቲ ዝጋው» አለች።
ዘጋሁት።
«እንዲህ አይደለም፤
እንደ ደከመው ሰው፣ እንደ መሸበት ሰው።»
ወርወር አደረግሁት።
ቆማ አዳመጠች፣ ነጠላዋን ነክሳ፣
ድምፁ ካለቀ በኋላም።
ከዚያ ቁልቁል ወረደች፣ ስሙን ሳታነሳ።

ዘንድሮ ቀለም አስቀባሁ፣ ሙሉ ነጭ።
እንግዳወርቅ ብሩሹን ነክሮ ወደ በሩ ሲዞር
«እሱን ተወው» አልሁት።

ጫጫ ላይ ትራፊኩ ሊብሬዬን ገልጦ፣
«ነጭ ነው የሚለው፤ ይሄ በር ምንድን ነው?»

መኪናው ነጭ ነው፣ ጌታዬ።
በሩ የሰው ነው።