የቆርኪው ቀንድ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ጥብሱ ቤት
"ቆርኪ ሳልልን" ብለው ሰጡኝ ወረቀት፤
ካረጀ መጽሐፍ ላይ የተገነጠለ፣
ምስጥ ጠርዙን በልቶ ሥዕሉን ዘለለ።

መዳብ ላይ የጫረው ያ የባሕር ማዶ ሰው
ቆርኪን አላየውም፤ ወሬ ነው የደረሰው፤
የበቅሎ ጆሮ አውሶት፣ የሙክት ፂም ቀጥሎ፣
ቀንዱን እንደ ጦር ቀጥ አድርጎ ተክሎ።

እኔም ያንን እያየሁ ቡናማ ስቀባ፣
ቆርኪ ሲጠብቅ ያረጀ፣ ጋሽ ሌዳሞ ገባ፤
ቆመ። አየ። ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ አመለጠው።
"ይኼማ ፍየል ነው፤ ማነው ቆርኪ ያለው?"

"ታዲያ ቀንዱ እንዴት ነው?"
መልስ አልሰጠኝም።
አምፖሉን ከኋላው እንድይዝ አዘዘኝ፣
መዳፉን ከግንባሩ አጋጥሞ አሳየኝ፤
ጣቱ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣
ግድግዳው ላይ ቆመ
የሰንቀሌ ጥላ።

እሱ ሳይነቃነቅ በከሰል ከበብኩት፤
የባሕር ማዶውን ፍየል በኖራ ሸፈንኩት።

ዛሬ ዓሣ የሚበላ እንግዳ ሁሉ ይላል፣
"የግራ ቀንዱ ጫፍ የት ወድቆ ጎድሏል?"

እኔ ዝም። የጋሽ ሌዳሞ የግራ ጠቋሚው
ወጥመድ ሲፈታ ነው፣ ሰንቀሌ የቀረው።