የፕላስተር ግድግዳ

ከሃርሊንገን ወደብ፣ ከቦዩ ጥግ ላይ
ቀጭን ቤት ቆሟል ሽቅብ ወደ ሰማይ፤
ደረጃው መሰላል፣ ግንባሩ ላይ ኩላብ፣
ዕቃ በመስኮት ነው የሚገባው ሲሳብ።

ቺትስኬ ተሞሽራ ወደዚህ ቤት ስትሄድ
ፒያኖዋ ባየር ሲወዛወዝ በገመድ
መንደሩ ታች ቆሞ ሲስቅና ሲፈርድ
«ይወድቃል!» «አይወድቅም!» ብሎ ሲወራረድ
ዊብረን ነበር ከላይ እጁን የዘረጋ።
አርባ አንድ ዓመት ሆነው፤ ስንት ክረምት፣ በጋ።

ዛሬ ያ ደረጃ፣ እንደ አራጣ አበዳሪ፣
ከዊብረን ጉልበት ላይ ወለድ ይቆርጣል፤
ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ሲወርድ አንድ ጊዜ፣
ደረሰኝ አይሰጥም፣ ቀኑን ግን ያውቃል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የልጅ አልጋ አለ፤
አንሶላው በየወሩ ይታጠባል፣ ይነጠፋል፣
የሚተኛበት የለም።
ማሞቂያው ግን ይነዳል፤
ያልመጣ እንግዳ እያሞቁ መክፈል።

ልጃቸው ዳውዌ ደግሞ፣ ዩትሬክት፣ በሁለት ክፍል፣
ሦስት ልጅ፣ አልጋ ሥር የሚያድር ብስክሌት፣
በስልክ ይላል፦ «እኛ ሰፋ ያለ እየፈለግን ነው፤
እናንተስ ጠበብ ያለ ብታዩ?»
ቺትስኬ ትስቃለች፦ «ጫማ ነው እንዴ
የምንለዋወጠው?»

ስንኝስ ቤት ቢመታ ወጉ ነው፣ ይገባል፤
ሰውን ቤት ሲመታው ለማን አቤት ይባላል?

ዊብረን ጡረታው ድረስ፣ በጎታች ጀልባ ሞተር፣
በእጁ ያልለካውን አምኖ አያውቅም ነበር።
ሁለት ጥቅል ቢጫ ፕላስተር ገዝቶ መጣ፤
ምድር ቤቱ፣ የጥንት የሸራ መጋዘን፣ ወና ነው፤
ተንበርክኮ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣
ከዓሣ ፋብሪካው ጀርባ ያዩትን ትንሽ ቤት፣
አርባ ስድስት ካሬ፣ ደረጃ አልባ፣ ኩላብ አልባ፣
ወለሉ ላይ አሰመረው።
ይሄ በር። ይሄ ምድጃ። ይሄ ያንቺ ወንበር።
ፒያኖውስ?
ፒያኖውን አራት ጊዜ አሰመረ፣ አራት ጊዜ ላጠ፤
አንዴ አልጋው ላይ ወጣ፣ አንዴ በሩን ዘጋ፣
አንዴ ግማሹ ጎረቤት ገባ።

«እስቲ ሳምንት እንኑርበት» አለ።

እሑድ ተጋጩ፣ ክርን ለክርን።
ሰኞ በግድግዳው ሰንጥቃ አለፈች፤
«በሩ እኮ እዚያ ነው!» አላት።
«እንግዲያው የሚታይ ግድግዳ ሥራልኝ» አለች።
ማክሰኞ ዝናብ፤ ነፋሱ ከባሕር፤
አንድ አምፖል ለሁለት።
ለካ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤
በፎቅ ተከልሎ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
አላየውም ነበር።

ረቡዕ ሌሊት አልጋው ቀለለው።
ከጣሪያው በላይ ቀስ ያለ ዜማ ወረደ።
ያን ፒያኖ ከጎኑ እንጂ ከበላዩ ሰምቶት አያውቅም፤
የሌላ ሰው ዕቃ፣ የሌላ ቤት ኑሮ መሰለው።
«ደግ ጎረቤት አለን» አለ ለጨለማው።

ስትመለስ ከመስመሩ ውጭ ቆመች፣ በባዶ እግሯ፤
አየሩን አንኳኳች፣ ቋ፣ ቋ፣ በምላሷ።
«ማነው?»
«የላይ ቤቷ።»
«ሰዓቱን አይተሽዋል?»
«በርዶኛል፣ ክፈትልኝ።»
ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፤
የሌለውን በር ከፈተ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ደላላው ሊደውል በቀጠረበት ሰዓት፣
ዊብረን ዳቦ ሊቆርጥ ሲል አየ፦
ሌሊት እግሯ የጎተተው ግድግዳ
ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ደረጃው ሸሽቷል።
ሊያቃናው ጎንበስ አለ።
ጎንበስ እንዳለ ቆየ።
ተወው።

ስልኩ ላይ ቤት ጮኸ።
እሱ እሷን አየ፣ እሷ ቢላዋውን።
አሥራ ሰባት እርከን።