ለአንድ ስኒ

ለአርባ ቀን ብላ ነው ትርፌ የወረደች፣
ልጃችን ወልዳልን፣ ልታርስ የሄደች።
ይኸው ስምንት ወሩ። ስደውል ማታ ማታ፣
«ጥርስ እያበቀለ ነው፣ ጠብቀኝ ላንድ አፍታ።»

የትርፌ አንድ አፍታ፣ ክረምትና በጋ፤
እኔ እዚህ ጠባሴ፣ በውርጭ ሲነጋ፣
ጀበናዋን ሳየው፣ ልኩ ለስድስት ሰው፣
ለአንድ ብጥድበት ሆዱን እንኳ አያርሰው።

ታገልኩት።
አንዱን ቀን አሳረርኩት፣
አንዱን ቀን ከነአተላው ጠጣሁት፣
አንዱን ቀን ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።
ተሸንፌ ሻይ አፈላሁ።
ሻይ ደግሞ የበሽተኛ ነው።

መኩሪያ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሽቦ አጠፈልኝ፣
ክብ አድርጎ፣ እጀታ አብጅቶ ሰጠኝ።
እኔ አቡጀዲ ቀድጄ ሰፋሁበት፣
ሾጠጥ ያለች ቆብ፣
የአራስ ልጅ ራስ የምትሆን
(ልኩን አላየሁትም፤ እንዲሁ ገመትኩ)።

ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ሠርቻለሁ፣
ክር መቁጠር ነበር እንጀራዬ፤ ዛሬም እቆጥራለሁ፦
መቶ ሃያ ፍሬ። አንድ አይበልጥ፣ አንድ አይጎድል።
ነቀዝ የበሳውን፣ የነጣውን ነቅሼ ስጥል
ጎሕ ይቀዳል።

መጥበሻው ላይ አንዱም እንዳይተኛ አዋክባለሁ፣
የዳቦ ቅርፊት ሲመስል፣ ሲንጣጣ፣ አወርዳለሁ፤
አጥቁሮ የሚቆላ ከሰል ይግዛ እላለሁ።

አሁን የሙቀጫው ነገር።
እዚህ ሰፈር ሙቀጫ አፍ አለው፤ ሲወቀጥ
«ኑ» ነው የሚለው፤ ሰምቶ ማን ቤቱ ይቀመጥ?
የእኔ ግን አንድ ስኒ፤ ለማን ልበል እንካ?
ማንንስ አስቀምጬ ራሴን ላርካ?

ደግሞም ጩኸት በቃኝ፤ የሽመናው ማሽን
ሠላሳ አንድ ዓመት ቀጥቅጦታል ጆሮዬን።
ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሙቀጫውን ጠቀለልኩ፣
በገዛ እጄ ሥራ፣ በብርድ ልብስ አፈንኩ፤
ዱብ፣ ዱብ፣
የበግ እግር ጭድ ላይ ሲረግጥ።

ውሃው በእኛ ደጋ ቶሎ ይንተከተካል፣
ከፍታው ነው አሉኝ፤ ግለቱ ሳይሞላ ይፈላል።
ስለዚህ አላቆየውም።
መጀመሪያ ጥቂት፣ ዱቄቱ እስኪርስ ብቻ፤
ያብጣል፣ ይተነፍሳል፣ እንደ ተኛ ሕፃን ሆድ።
እስከ ሠላሳ አንድ እቆጥራለሁ፣
ለአንዱ ዓመት አንድ።
ከዚያ በቀጭኑ፣ ዙሪያውን፣ እንደ ድውር ክር፣
እጄ ሳይቸኩል፣ ክሩ ሳይበጠስ፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ስኒዋ ከንፈር እስክትደርስ።

ስኳር አልጨምርም። ደጃፉ ላይ ቆሜ፣
ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ውርጩ ሲቀልጥ እያየሁ፣
ሦስት ጊዜ ፉት፣ አራተኛው ለመራሩ።

ትናንት በር ተንኳኳ።
እትዬ ደብሪቱ፣ ግድግዳ የምንጋራው።
ስኒዬን ከጀርባዬ ደበቅኳት፤ ጣቴን ፈጀችኝ።
«ተክለወልድ፣ ደህና ነህ?»
«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።»
«ታዲያ ሙቀጫህ ምን ነካው? ሳምንት ሆነው ጸጥ ካለ።»

ዓይኔ ቦታ አጣ። «ይግቡ፣ ቡና...» አልኩ፣
ቡና እንደሌለኝ እያወቅሁ።
«ኧረ ቡናህን ተወው! ደም ብዛት አለብኝ፣
ሐኪሙ ከከለከለኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ።
እኔ ስትወቅጥ ነው
‹ሰውየው በሰላም አድሯል› የምለው፤
ያኔ ነው እኔም ከአልጋዬ የምነሳው።
ይኸን ሳምንትማ ተኝቼ
በግድግዳው ሳደምጥ ነው የሚረፍደው።»

ዛሬ ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ ጣል አደረግሁ፤
ለካ እግሬንም ይበርደኝ ነበር።
ባዶውን ሙቀጫ፣ ባዶ ዘነዘና፣
አንዴ መታሁ፤ ቤቱ ደነገጠ።
ደገምኩ።
ከወዲያ ሳል ተሰማ፣
ከዚያ የአልጋ ሲጥሲጥታ፣
ከዚያ የበር መቀርቀሪያ።

ስኒዋ ያው አንድ ናት።
ፍሬው ግን ሲቆጠር መቶ ሃያ አንድ መጣ፤
ድጋሚ ቆጠርኩት፤ መቶ ሃያ አንድ።
አንዷን ለማውጣት እጄን ሰደድኩና
ተውኳት።