አሥራ ሁለት ቮልት

ዝናብ በብላይናይ እንግዳ አይደለም፣
እኛ ዘንድ ደመናን የሚቆጥር የለም።
የድንጋዩ ክምር ከጣራው በላይ ነው፣
ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁሌም እርጥብ ያለው።

ማክሰኞ ነበረ። ሎውሪ የልጅ ልጄ
ጥሩምባዋን ብላ ቆማለች ከደጄ፤
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባላ ውድድር አለ፣
ጥሩምባው በሮቨሯ ሆድ ተቆልፎ ዋለ።

ሮቨሬ አሮጌ ናት፣ ሎውሪን ትበልጣለች፣
ቀለሟ የወይራ፣ ከሩቅ ታስታውቃለች።
የኋላ ኮፈኗ ቀዳዳ የለውም፣
በኤሌክትሪክ እንጂ በቁልፍ አይከፈትም።

በተኑን ተጫንሁ። ዝም። ደገምሁት። ዝም።
በቡጢ መታኋት፣ በጉልበቴ ገፋኋት፣
እንዳኮረፈች በግ በደግ ቃል ለመንኋት።
ፊውዙን አውጥቼ በመስኮት አየሁት፣
ደህና ነው፤ ጠርጌ ከቦታው መለስሁት።
ሪሌው ቀጭ ይላል፤ ትእዛዙ ይወጣል፣
መንገድ ላይ ግን የሆነ ቦታ ይጠፋል።

ይህን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አንድ ነው፣
አርባ ዓመት የስልክ ሽቦ ሲስብ የኖረው፣
ጎሮንዊ። ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈን
ዘጠኝ ዓመት ሞላን ከተኳረፍን።

ጠቡ ስለ መቀስ ነው፣ የአጥር መቁረጫ፣
መለስሁልህ ያልሁት ሳላይ፣ በሩጫ።
እሱ "አልመለስህም"፣ እኔም "መልሻለሁ"፣
በሰው ፊት፣ በቤተ ጸሎት ደጅ ምያለሁ።
በወሩ ጎማ ልቀይር ኮፈኑን ስከፍተው፣
ከጎማው ሥር አለ፣ ጆንያ የሸፈነው።
የማለ አፍ አልታጠፍ ብሎ አስቸገረኝ፣
ዛሬ ነገ እያልሁ ዘጠኝ ዓመት ቀደመኝ።
ሆድ ይፍጀው አይደል የሚባለው?
የእኔን ነገር የመኪናዬ ሆድ ነው የፈጀው።

"አያቴ፣ ጥራው እንጂ!" አለች ሎውሪ።
ምን ብዬ ላስረዳት? ሮጣ ጠራችው።

ጎሮንዊ መጣ፣ ካቻቢቴ በኪሱ፣
ቴስተር በትከሻው፣ ቆብ የለም ከራሱ።
እኔን አላየኝም፤ ሰላም ያለው መኪናዋን፣
"ስንት ዓመቷ ነው?" ብሎ ዳሰሰ ጎኗን።
"ከበተኑ ወዲህ አሥራ ሁለት ቮልት አለ፤
ከዚያ ወዲያ እንይ" ብሎ ወንበር ላይ ተንጋለለ።
ወንበሩ አይታጠፍም፤ ከመደገፊያው ጀርባ
አንዲት ጠባብ በር አለች፣ ክንድ የምታስገባ።
የእጅ ባትሪ ነክሶ፣ ክንዱን እስከ ትከሻ
ሰደደው ጨለማ፣ ጣቱን መዳሰሻ።

ዳሰሰ፣ ዳሰሰና እጁ ቀጥ አለ።
"ይኼ ምንድን ነው?"
"ክሪክ ነው" አልሁት።
"እጀታው የእንጨት ነው።"
"አሮጌ ክሪክ ነው።"
የመኪናዋን ጣራ ዝናቡ ብቻ መታው።

ከዚያም ሁለት ሽቦ ከባትሪው ጎትቶ
ሰራቱራው ላይ አስነካ፣ በዳሰሳ አግኝቶ።
ቀጭ።
ኮፈኑ ተነሣ፣ እንደሚያዛጋ ሰው በቀስታ፣
ሎውሪ ጥሩምባዋን ላፍ አደረገች በደስታ።

እሱ ግን ማጠፊያው ጋ አጎነበሰ፣
የሽቦውን ጎማ እጅጌ ወደ ኋላ መለሰ።
"እየው" አለ፣ ዓይኔን ለመጀመሪያ አይቶ፣
"ላዩ ላስቲክ ደህና፣ መዳቡ ውስጡ ሞቶ።
ስትከፍት ስትዘጋ አንድ ቦታ ሲታጠፍ
ይደክማል። አይጮህም። ዝም ብሎ ነው የሚያልፍ።"

ቆረጠ፣ ገመደ፣ በናስትሮ ጠቀለለ።
ከዚያ ጆንያውን አነሣ። ፈታው።
ስለቱን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ሞከረው።
"ዝገት የለበትም።"
"በየመኸሩ ዘይት እቀባዋለሁ" አልሁ።
"ክሪኩን?" አለ።
መቀሱን በብብቱ ይዞ ሄደ።

በውድድሩ ሎውሪ አራተኛ ወጣች፤
መኪናዋ ግን ጉድ ናት፣ ሌላ አመል አመጣች።
ሌሊት ማንም ሳይነካት ኮፈኗን ትከፍታለች፣
ዝናብ እየጠጣች እስኪነጋ ታድራለች።

ዛሬ ጠዋት፣ ግማሹ በተከረከመው አጥር ላይ፣
"ጎሮንዊ!" ብዬ ተጣራሁ።
"ምን ሆንህ?"
"አልዘጋ አለችኝ።"