የአራተኛ «ለ» ሮስተር

ከደቻቱ ወዲህ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ደወሏ የሐዲድ ቁራጭ፣ ሮቶዋ ዓመቱን ባዶ፣
በአንዲት አራት ክፍል ትምህርት ቤት ውስጥ
በሰኔ ቁጭ ብያለሁ፣ በማስመሪያ፣ መስመሩን እንዳላበላልጥ፣
ልጆቹን ግን ላበላልጥ።

ተራ ቁጥር። ስም ከነአያት። ጾታ። ዕድሜ።
ሠላሳ አንድ ናቸው። አርባ ሁለት ነበሩ፣ መስከረም ላይ ቆሜ
ስማቸውን ስጠራ።
ሦስቱ ጅቡቲ ተሻገሩ፣ ከአባታቸው ጋራ፤
አንዷ ሰው ቤት ገባች፣ ከዚራ፣ ልጅ ልትይዝ፤
የቀሩትን የሚያውቅ የለም፤ ስማቸው ላይ ሰረዝ።

አማካይ ውጤት፦ አርባ ሰባት ነጥብ ስድስት።
ከቢሮ የመጣው ባለሙያ መነጽሩን አውልቆ፣
«እህቴ፣ ከክላስተሩ የመጨረሻው ይኼ ነው» አለኝ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱ የሰረቀ ይመስል ተሸማቆ።
አልተከራከርኩም። ቁጥሩ ልክ ነው፤ እኔ ነኝ የደመርኩት።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ የአወዳይ አይሱዙ ሲያጓራ፣
የኋላው ረድፍ ባንዴ ይነሣል፣ ማንም ሳይጠራ፤
መጋላ ላይ፣ የእናቶቻቸው ጫት የሚፈታው በነሱ እጅ ነው።
አንድ ቀን በሩን ዘግቼባቸው አውቃለሁ፤
በመስኮት ወጡ፤ መስኮቱ መስታወት የለው።
ሒሳብን ወደ ማለዳ አመጣሁት፤
ከቀትር በኋላ፣ ለቀረው ልጅ፣ ሥዕል ነው።

አንደኛ፦ ረምላ አብዱረሕማን፣ ሰማንያ ሦስት ነጥብ ሁለት።
ስለሷ የጠየቀኝ የለም፤ የሚጠየቀው ስለ ጉድለት።

ሠላሳ አንደኛ፣ ከሠላሳ አንድ፦ ታሪኩ ዳንጊሶ።
በጥር ነው የመጣው፣ ከወላይታ፣ የአጎቱን የሊስትሮ ሣጥን ተውሶ።
ሁለተኛውን ሴሚስተር ሰባ አንድ አመጣ፤
ቅጹ ግን «ገና አልደረሰም ነበር» የሚል ቃል ስላላወጣ
ለመጀመሪያው ዜሮ ሞላና ለሁለት አካፈለው፦
ሠላሳ አምስት ተኩል። ልንገረው ብዬ ስጠራው
ደብተሩን ገልጦ፣ በጉልበቱ ላይ፣ ራሱ ደግሞ ሠራው።
«ቲቸር፣ ልክ ነው» አለኝ።
ማስመሪያውን ያስቀመጥኩት ያኔ ነው።

ዘንድሮ አዲስ ሣጥን አለው፦ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ»።
ወርዱ አንድ ጣት አይሞላም።
ሆዳን ዋይስን ጠየቅኳት።
የወደቀ ጠመኔ በእግሯ እየገፋች፣
እንደ ክፍልፋይ ጥያቄ፣ ጊዜ ወስዳ አሰበች፦
«ከእማዬ ጋር ሶማሊኛ። አያቴ ስትመጣ ኦሮምኛ።
ሱቅ ስላክ፣ ባለሱቁ ሐረሪ ነው፣ የሱን። ስጣላ...»
ቆም አለች። «ስጣላ አማርኛ።»
«በየትኛው ነው የምታልሚው?»
«ወላሂ ቲቸር፣ ሕልም ላይ ማን ያወራል!
ይሮጣል እንጂ።»

አራቱንም ጻፍኩ፣ በእርሳስ፣ ፊደሌን እንደ ጤፍ አሳንሼ።
ቅጹ ከቢሮ ተመለሰ፣ በቀይ ተከቦ፦ «አንድ ብቻ።»
እሺ።
ላጲስ ከረምላ ተዋስኩ፤ እሷ ብቻ ናት ላጲስ ያላት።
ሦስቱን አጠፋሁ፤ ፍርፋሪውን እፍ አልኩት።
የትኛውን እንዳስቀረሁ አልናገርም፤
ቢሮው ያውቀዋል፤ ሆዳን አልጠየቀችኝም።

ግን እርሳሴን ጫን ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ሳይታወቀኝ፤
ወረቀቱ ጎድጉዷል።
አሁን፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ሙቀቱ አንገቴን ይዞኝ፣
ማኅተም የሚመታው ሰው እስኪመጣ ድረስ
ጣቴን በሣጥኑ ላይ እየመለስኩ አሳልፋለሁ፤
ዓይን የማያየውን ጣት ያነበዋል።