ነጥብ

ከዜሮ በታች አርባ ነው ኡላንባታር ላይ፤
ጭሱ ከጣሪያ ወጥቶ፣ ደጅ አጥቶ ከሰማይ፣
ተመልሶ ይወርዳል ያው ወደ ወጣበት ቤት።
የሕፃናት ሳል ነው የሰፈሩ ሰዓት።

እዚያ ምክር ቤት ውስጥ፣ ቱቦ ባሞቀው ፎቅ፣
ሳራንጎዎ አለች። ሥራዋ ማድመቅ
አይደለም፤ ማለዘብ፣ መተርጎም፣ መፍረድ፤
ከአፍ የወደቀን ቃል መሬት ሳይነካ መውሰድ።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ በአጭር እጅ ጽሕፈት፣
ስንት መንግሥት ወጣ፣ ወረደ በእሷ ፊት።

የብዙኃኑ መሪ ፀረንናድሚድ ነው።
(በኛ ጆሮማ «ፀረ» ብሎ ሲጀምር ሰው
የሚቃወመውን ቀድመን በጠየቅን!
እሱ ግን በመደገፍ ነው የሚፈጀው ቀኑን።)

ሰኞ፣ ከማይክራፎን ጫካ መሐል ቆመና፣
«ጥሬ ከሰል ይቅር፤ ይቅደም የልጅ ጤና!»
ማክሰኞ ያው ከሰል፣ በሌላ ስም ተጠርቶ፣
«የሀገር ሀብት ነው፤ ባቡር ይዘርጋለት» አለ፣ እጁን ዘርግቶ፤
በደቡብ ጠረፍ ላይ፣ በከባድ መኪና ሰልፍ፣
ስንቱ ሾፌር አለ መሪው ላይ ተደፍቶ የሚያልፍ!
ረቡዕ፣ ስለ ጡረታ፣ «ዕድሜ ይጨመር» አለ፤
ምርቃት የመሰለው ስንት ሽማግሌ አለ።
ሐሙስን ዘንግቻለሁ፤ ስለ ግድብ ይመስለኛል።
ብቻ «ይጠናል» ብሏል፤ «ይጠናል» ሁሌም ይበቃል።

ሳራንጎዎ ሁሉንም ጻፈች። እጇ አልፈረደም።
እርሳስ ሲቀረጽ እንጂ ሲያዝን አይታይም።

ዓርብ የመጣው ግን የአርብቶ አደሩ ዕዳ ነበር።
ያን ክረምት ዙድ ወርዶ፣ በረዶ እንደ ብረት በር
ሣሩን ዘግቶበት፣ በጉ ቆሞ ደርቆ፣
ፈረስ የጓዱን ጭራ ቆርጥሞ፣ አልቆ፣
ባንኩ ብቻ ቀረ ከብት ሳይሞትበት፤
ወለዱ ወለደ መንጋው በመከነበት።

ፀረንናድሚድ ተነሣ። አቋሙ የታወቀ ነው፤
በሬዲዮ ብሎታል፦ «ምሕረት ያሰንፋል ሰው።
የተበደረ ይክፈል።» ወረቀቱን ገለጠ።
«የተከበራችሁ...» አለ። ዓይኑ ግን አመለጠ፣

ወደ ላይ፣ ወደ ታዳሚው ሰገነት።
አንድ ሰው ተቀምጧል፣ ወፍራም ካባ እንደለበሰ፣
ጆሮውን ውርጭ የበላው፣ ጉንጩ በንፋስ የታረሰ፣
ባርኔጣው ጭኑ ላይ። ናምስራይ፣ ከዛቭካን፤
በረዶ እያቆመው፣ አውቶቡስ ላይ ሦስት ቀን።
ታላቅ ወንድሙ ነው። አልጮኸም፤ ሰሌዳ አልያዘም፤
ወንድሙን ሊያይ መጣ እንጂ ሊለምን አይደለም።
እንዲያ ነው የሚለው።

መሪው ዝም አለ።
ሳራንጎዎ በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ብላ ቆጠረች፤
ዐሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየች።
በአጭር እጅ ጽሕፈት «ይሁን» ምልክት አለው፤
«እቃወማለሁ»ም፣ «ጭብጨባ»ም፣ «ሳቅ»ም አለው።
ዝምታ ግን የለውም። የፈለሰፈው ሰው
ፖለቲከኛ ዝም ይላል ብሎ መች ጠረጠረው?
ስለዚህ ነጥብ አኖረች፤ ትንሽ፣ እንደ በግ በጠጥ፣
የእርሳሷን ጫፍ ተጭና፣ ወረቀቱ እስኪሰምጥ።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ፣
አንዲት ነጥብ ሳያጎድል፣ ቃል በቃል እንደታሰበ።
ድምፅ ተሰጠ። አለፈ። ሰባ ሁለት ለሠላሳ ስምንት።
ናምስራይ ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ፣ ደረጃው ርቆበት።

ሰኞ የታረመው ቃለ ጉባኤ መጣ።
ነጥቧ የለችም፤ አራሚው ጉድፍ ብሎ አወጣ።
ጋዜጠኛ ጠየቀ፦ «የመሪው አቋም፣ ዕዳው ላይ?»
ገጽ አርባ ተከፈተ፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ዛቭካን ሰማይ።

ሳራንጎዎ ግን ያን ደብተር እቤት አስቀምጣለች፤
አንዳንድ ማታ ገጹን በጀርባው ትገልጣለች።
ከፊት ደብዝዛለች ነጥቧ፤ እርሳስ ይጠፋል።
በጀርባ ግን ጎላ ብላ ቆማለች፤ ጣት ያገኛታል።