የመሻገሪያ ዋጋ

በሻነን ወንዝ ዳርቻ ጀልባ ቀዛፊ ነኝ፤
ማን አለፈ ብሎ ዳኛም አልጠየቀኝ።
እኔው ልናገረው ሳይከደን ዓይኔ፤
ሁለት ዋጋ በላሁ ባንድ ሰው ላይ፣ እኔ።

ገዳሙ በነደደ በሦስተኛው ሌሊት
አባ ፊያክራ መጣ በከብት ነጋዴ ካፖርት።
ቆቡን ቢደፋ እንኳ ሊሸፍን አናቱን
ማን ይስተው ነበር በስግደት የሻከረ ጉልበቱን?
«የምከፍልህ የለኝ» አለኝ፤ መረቤን አየና
ተቀምጦ ጠገነው፣ እስኪሳሳ ደመና።

ሰባት ዓመት እንዲህ።
ጽዋው በቅቤ ገንቦ ታሽጎ ረግረግ ውስጥ ተቀብሮ፣
ቅዳሴው ድንጋይ ላይ፣ ድምፁ ከነፋስ ጋር ተባብሮ።
የሶርካን መንታ ልጆች በዝናብ አጠመቀ፤
«ውሃስ አይቸግረን!» ብሎ ራሱ ሳቀ።

የገበያው በር ላይ አዋጅ ወጣ በዚያ ሰሞን፦
ለተኩላ ራስ አምስት ፓውንድ፣ ለቄስም ያንኑ መጠን።
ክረምቱ ሳይወጣ ተኩላዎቹ አለቁ፤
አዳኞቹ ከነውሾቻቸው ወደ ረግረጉ ዘለቁ።

ንጋት ላይ ስድስት ሆነው መጡ፣ ሻለቃ ሃርዊክ ከፊት፤
ብር አኖረ መዳፌ ላይ፣ ገና ሳልጠይቅ፣ አንዲት።
ልገለብጣቸው እችል ነበር፤ የወንዙን ሆድ አውቃለሁ።
ጎጆዬ ግን ይጨሳል።
ልጆቼን ቆጠርኩ፤ ሦስት ናቸው።
ቀዘፍኩ።
ቀስ ብዬ ነው የቀዘፍኩት፤ ይሄ ከተቆጠረልኝ።

ሲመለሱ ሰባት ሆኑ፤ አባን አስረው በገመድ
ከእግሬ ሥር አስቀመጡት፤ ዓይኔ አቃተው መውረድ።
ጀልባዬ አሮጌ ናት፤ ከበዳት፤ ውሃ ገባ፤
ወታደሮቹ ጮኹ። እሱ ግን፣ ሳይባባ፣
የእንጨት ዋንጫዬን አንስቶ በታሰሩ እጆቹ ጨለፈ፤
ሊሰቅሉት የሚወስዱትን ሰዎች ከመስጠም አተረፈ።
«ቀዳዳዋን ድፈናት» አለኝ፤ «ልጆች አሉህ።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዛፍ ሥር፣ ሃርዊክ መሐላ አቀረበ፦
«የሮማውን ጳጳስ ካድ፤ ሂድ።» አባ ፊያክራ አሰበ።
እውነቴን ነው፣ አሰበ፤ አየሁት፤ ላቡ ወረደ።
«ቃሌ ድሮ ተሰጠ፤ ሌላ የለኝም» አለ፤ ጉልበቱ ግን ራደ።
ገመዱ አጭር ነበር።
ብዙ ፈጀ።

ብሯ አለች። አልመነዘርኳትም፤ ወንዝም ውስጥ አልጣልኳት።
ሶርካ ጀልባዬን አትሳፈርም፤
በድልድዩ ትዞራለች፣ ግማሽ ቀን ቢወስድባት።
ልጆቼን በሰው ጀልባ ነው የማሻግራቸው።
«ለምን አትደፍናትም?» መንገደኛ ይለኛል፤
ቅጥራን አለኝ፤ ጨርቅም አለኝ።
ሰው ባሻገርኩ ቁጥር ውሃው በዚያችው ይገባል፤
ዋንጫውን አነሳለሁ፤
እጨልፋለሁ፤
ይሞላል።